ገባ ማለት ጨረሰ ማለት አይደለም፦ ስለ መጀመሪያ ዲግሪ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ



ባለፈው እትም ስለ ባግሩት ፈተናዎች ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከባግሩት ቀጥሎ ስለሚመጣው ስለ መጀመሪያ ዲግሪ፣ በዕብራይስጥ ቶአር ሪሾን ስለሚባለው እንነጋገራለን። ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ኮሌጅ ስለ መግባት፣ ስለ ፕሲኮሜትሪ ፈተናና ስለ መኺና፣ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። ገብቶ እንዴት እንደሚጨረስ ግን የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። እኔም በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤተሰቦች ጋር ስገናኝ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ልጃችን ሦስት ዓመት ሙሉ ኮሌጅ ተመላልሷል፤ ዘመድ ጎረቤቱም ጨረሰ ብሎ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎናል፤ ታዲያ ወረቀቱ የታለ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። በመንግሥትና በማዘጋጃ ቤት መሥሪያ ቤቶች የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ብዙ የሥራ ቦታዎች የሚከፈቱት ዲግሪ ላለው ብቻ ነው፤ የደመወዙም ደረጃ የሚወሰነው በእሱ ነው። «ሦስት ዓመት ተምሬአለሁ፤ ጥቂት ብቻ ነው የቀረኝ» የሚል ሰው ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዘው ነገር የለውም። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ዕድሜውም ሄዷል፤ ፍሬው ግን ገና አልተለቀመም።

ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዲግሪ የሚገኘው በተቀመጡበት ዓመት ብዛት ሳይሆን በተሟላ ሒሳብ ነው። ይህን ሒሳብ ተማሪው ብቻ ሳይሆን፣ ዕብራይስጥ የማያነቡ እናትና አባትም ሊጠይቁበትና ሊከታተሉት ይችላሉ።

ዲግሪ የሚሰጠው ማነው?

በእስራኤል አገር ዲግሪ መስጠት የሚችለው የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት የፈቀደለት ተቋም ብቻ ነው። ይህ ምክር ቤት በዕብራይስጥ በአጭሩ ማላግ ይባላል፤ የተቋቋመበት ሕግ የወጣው በ1958 ነው። በ1995 ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ሌላ የአካዳሚ ኮሌጆች ቁጥር እየበዛ ሄደ። በዚህም ምክንያት ዛሬ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች በቅርባቸው መማር ይችላሉ።

ትንሽ ኮሌጅ መማር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ማላግ የፈቀደው እስከሆነ ድረስ ዲግሪው በሕግ ፊት ዲግሪ ነው። እንዲያውም በትንሽ ኮሌጅ አስተማሪው ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ተማሪው ሲጠፋም ይጠይቃል። በትልቅ አዳራሽ ከብዙ መቶ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ልጅ ቢጠፋ ግን ቶሎ የሚያውቅለት የለም።

ሆኖም «ኮሌጅ» የሚል ስም የለጠፈ ሁሉ ዲግሪ አይሰጥም። የአጭር ጊዜ ኮርስ ሰጥቶ ቴዑዳ ብቻ የሚያስረክብ ቦታ አለ። የሃንዴሳይ፣ ማለትም የተግባር መሐንዲስ፣ ትምህርት የሚሰጥበትም ቦታ አለ። እነዚህ ጥሩ ሙያዎች ናቸው፤ ብዙ ወጣቶችም እንጀራቸውን አግኝተውባቸዋል። ነገር ግን ቶአር ሪሾን አይደሉም። ስለዚህ ከመፈረምና የመጀመሪያውን ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፣ «ይህ ትምህርት ማላግ ያወቀው ቶአር ነው ወይስ ቴዑዳ ብቻ?» የሚለው ነው።

የትምህርቱ ዘመን እንደ ሙያው ይለያያል። እንደ ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂና ኢኮኖሚ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ናቸው። ማኅበራዊ ሥራም ሦስት ዓመት ነው። ሕግ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። መምህርነት ከማስተማር ፈቃዱ ጋር፣ ነርስነትና መሐንዲስነት አራት አራት ዓመት ናቸው። ይህ ግን በሙሉ ጊዜ ለሚማርና ምንም ነገር ለማይወድቅ ተማሪ የተቆጠረ መሆኑን አትርሱ።

የነጥቡ ሒሳብ

አገር ቤት በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰዎች «ክሬዲት አወር» የሚለውን ቃል ያውቁታል። በእስራኤልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ስሙ ኔኩዶት ዝኹት ይባላል፤ በአማርኛ የትምህርት ነጥብ እንበለው። ብዙውን ጊዜ አንድ ነጥብ ማለት በአንድ ሴሜስተር ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ኮርስ ሁለት ነጥብ፣ አራት ሰዓት የሚሰጥ አራት ነጥብ ያስገኛል። ነጥቡ የሚቆጠረው ግን ኮርሱ ካለፈ ብቻ ነው። ክፍል ተቀምጦ አዳምጦ ፈተና ያልተፈተነ ወይም የወደቀ ሰው ምንም ነጥብ አያገኝም።

የሦስት ዓመት ዲግሪ በአብዛኞቹ ተቋሞች 120 ነጥብ ያህል ይጠይቃል። በዓመት ሁለት ሴሜስተር ስላለ፣ በሦስት ዓመት ስድስት ሴሜስተር ይሆናል፤ 120ን ለስድስት ብናካፍል በየሴሜስተሩ 20 ነጥብ ይደርሳል። አሁን አንድ ወጣት ማታ ማታ በጥበቃ ሥራ ስለሚሠራ በየሴሜስተሩ 14 ነጥብ ብቻ ይወስዳል እንበል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ያለው 84 ነጥብ ነው። የጎደለው 36 ነው። ይህ ማለት ሙሉ ጊዜውን ቢማር እንኳ ወደ ሁለት ሴሜስተር፣ አንድ ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የወደቀውም ነገር የለም። ነገር ግን ቤተሰቡ ሦስት ዓመት ስለቆጠረ ጨርሷል ብሎ ይጠብቃል፤ ልጁም እውነቱን ለመናገር ያፍራል። ቀስ ብሎ መማር ነውር አይደለም። ነገር ግን ቀስ ብሎ እንደሚማር ከመጀመሪያው ታውቆ፣ ለአራተኛው ዓመት ገንዘቡም ሐሳቡም መዘጋጀት አለበት።

ደግሞም 120 ነጥብ ከየትም ተለቅሞ አይሞላም። የተወሰነው ከዋናው ትምህርት ክፍል፣ ከሁጉ፣ የሚመጣ ግዴታ ነው፤ ይህ ሆቫ ይባላል። የተወሰነው ተማሪው የሚመርጠው ነው፤ ይህ ብሒራ ይባላል። አንዳንዱም ከሌላ የትምህርት ክፍል የሚወሰድ አጠቃላይ ትምህርት ነው። በሁለት ትምህርት ክፍል የሚማር ሰው የሁለቱንም ግዴታ ለየብቻ ማሟላት አለበት። ስለዚህ አንድ ተማሪ 120 ነጥብ ሞልቶለት፣ አንድ የግዴታ ኮርስ ስለጎደለው ብቻ ዲግሪው ሊያዝበት ይችላል።

ኮርሶቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙም ናቸው። በማኅበራዊ ትምህርቶች በመጀመሪያው ዓመት የስታቲስቲክስ መግቢያ ይሰጣል። እሱን ያላለፈ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት የሚቀጥለውን የምርምር ዘዴ ኮርስ መውሰድ አይፈቀድለትም፤ የምርምር ዘዴ የሌለው ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ሴሚናርዮን ላይገባ ይችላል። አንድ ሰንሰለት ከሥሩ ሲበጠስ ላዩ ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የወደቀ የግዴታ ኮርስ ለከርሞ ይደር የሚባል ነገር አይደለም፤ ከሁሉ በፊት እሱ ይነሣ።

ሰዎች የሚቆሙባቸው አራት ቦታዎች

በሥራዬ እንዳየሁት፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የቀሩ ወጣቶች ብዙዎቹ የቆሙት ትምህርቱ ስለከበዳቸው አይደለም። የሚቆሙባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነው። ዲግሪው ታሪክም ይሁን ነርስነት፣ የእንግሊዝኛ ግዴታ አለበት። ተማሪው ሲገባ በእንግሊዝኛ መመደቢያ ፈተና ወይም በፕሲኮሜትሪ የእንግሊዝኛ ክፍል ውጤቱ ይታይና ደረጃ ይመደብለታል። ውጤቱ ከ50 እስከ 150 ነው። 134ና ከዚያ በላይ ያገኘ ፕቶር፣ ማለትም ከእንግሊዝኛ ትምህርት ነጻ፣ ይሆናል። ከዚያ በታች ያገኘ እንደ ውጤቱ ከመሠረታዊው ደረጃ ወይም ከበላዩ ጀምሮ እያንዳንዱን ደረጃ በተራ ማለፍ አለበት። እነዚህ ኮርሶች ሰዓት ይወስዳሉ፤ ከዲግሪው ነጥብ ግን ብዙውን ጊዜ አይቆጠሩም፤ ለዝቅተኛዎቹ ደረጃዎችም በብዙ ቦታ ለብቻ ይከፈላል። ብዙ ተማሪዎች «እንግሊዝኛውን በኋላ» እያሉ ያቆዩትና በሦስተኛው ዓመት ሁሉም ነገር አልቆ እሱ ብቻ ይቀርባቸዋል።

በዚህ ላይ ከኢትዮጵያ በቅርብ ለመጡ ወጣቶች አንድ ምክር አለኝ። አገር ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ እዚህ ሲመጣ ከዕብራይስጡ ይልቅ እንግሊዝኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኡልፓን ገብቶ፣ ውትድርና ሄዶ፣ ሥራ ሠርቶ አራት ዓመት ሲያልፈው ይረሳዋል። ስለዚህ የያዘው ሳይጠፋው እንግሊዝኛውን በየቀኑ ጥቂት ያንብብ፤ ፈተናውንም ሳያዘገይ ይፈተን። ይዞት የመጣው ሀብት ነው፤ አይጣል።

ሁለተኛው ሴሚናርዮን ነው። ይህ በብዙ የትምህርት ክፍሎች በሦስተኛው ዓመት የሚጻፍ ረጅም የጥናት ጽሑፍ ነው። ተማሪው ርእስ መርጦ፣ መጻሕፍት አንብቦ፣ አንዳንዴም ሰዎችን ጠይቆ በአስተማሪ እየተመራ ይጽፈዋል። እንደ ፈተና አንድ ቀን ተቀምጠው የሚገላገሉት ስላልሆነ ለነገ ማለት ይቀላል። ትምህርቱ በሰኔ ያልቃል፤ ወጣቱ ሥራ ይጀምራል፣ ወይም ያገባል፤ ጽሑፉ በጀመረበት ይቀራል። ማስረከቢያው ቀን ካለፈ ኮርሱ እንደገና ሊወሰድ ይችላል፤ ለዚያም ይከፈላል። ስለዚህ ርእሱን ሴሜስተሩ እንደተጀመረ መምረጥ፣ አስተማሪውን በየጊዜው ማነጋገር፣ ዕብራይስጡንም ከማስረከቡ በፊት የሚያርም ሰው መፈለግ ያስፈልጋል። በብዙ ተቋሞች የጽሑፍ እርዳታ የሚሰጥ ክፍል አለ።

ሦስተኛው ፈተናና መገኘት ነው። ለአብዛኛው ኮርስ ሁለት የፈተና ቀን አለ፤ የመጀመሪያው ሞኤድ አሌፍ፣ ሁለተኛው ሞኤድ ቤት ይባላል። በመጀመሪያው የወደቀ በሁለተኛው ይፈተናል። ውጤቱን ለማሻሻል የሚፈተን ግን ይጠንቀቅ፤ በብዙ ቦታ የሚያዘው የመጨረሻው ውጤት ነው፣ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም። ማለፊያው ብዙውን ጊዜ 60 ነው። ነገር ግን 60 ማለፍ ብቻ ነው። ወደ ሁለተኛ ዲግሪ መግባት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አማካይ ውጤቱ 80ና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠየቃል። በተግባር ትምህርትና በሴሚናርዮን ደግሞ መገኘት ግዴታ ነው፤ ከተፈቀደለት በላይ የቀረ ተማሪ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ኮርሱ ላይቆጠርለት ይችላል።

በዚህ ረገድ ማኅበራዊ ሥራ፣ ነርስነትና መምህርነት የተለዩ ናቸው፤ ከክፍል ትምህርቱ ሌላ የመስክ ሥራ አላቸው። የራሴን ሙያ ልንገራችሁ። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ በትምህርቱ ዘመን በሳምንት ሁለት ቀን ያህል በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ፣ በሆስፒታል ወይም በሌላ ቦታ በአሠልጣኝ ሥር ይሠራል። ይህ ሐኽሻራ ማዕሲት ይባላል። ደመወዝ የለውም፤ ሰዓቱም አይጎድልም። ንድፈ ሐሳቡን በጥሩ ውጤት አልፎ የመስክ ሥራውን ያላሟላ ሰው ዲግሪውን አይወስድም። ዲግሪውን ካገኘም በኋላ፣ በ1996 በወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ መሠረት በመዝገብ ካልተመዘገበ በሙያው መሥራት አይችልም። ነርስም ከዲግሪው በኋላ የመንግሥት ፈተና አለባት። ጠበቃ የሚሆንም የሥራ ልምምድና የጠበቆች ማኅበር ፈተና ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሙያ ስትመርጡ ዲግሪው የት እንደሚያልቅ ብቻ ሳይሆን ከዲግሪው በኋላ ምን እንዳለም ጠይቁ።

አራተኛው ገንዘብ ነው። በመንግሥት በሚደገፉ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ በዓመት 11,000 ሰቅል አካባቢ ነው። በግል ኮሌጆች ሦስት እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። አዲስ ገቢ ለሆነ ተማሪ ሚንሃል ሃስቱደንቲም፣ ማለትም የተማሪዎች አስተዳደር፣ ክፍያውን ሊረዳ ይችላል። እርዳታው ግን የዕድሜ ወሰን አለው፤ ከአልያ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መጀመርንም ይጠይቃል፤ የሚሰጠውም ለተወሰኑ ዓመታት ነው። ከላይ ያየነው በአራት ዓመት የሚጨርስ ልጅ የመጨረሻውን ዓመት ከኪሱ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ቴዑዳት ኦሌውን ይዞ ሄዶ መብቱን ያረጋግጥ። ከውትድርና የተመለሰም ለተፈቱ ወታደሮች የተመደበውን የትምህርት እርዳታና የተቀማጩን ገንዘብ ይጠይቅ። ሚልጋ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ፤ ለምሳሌ በፔራኽ ተማሪው በሳምንት ጥቂት ሰዓት አንድ ሕፃን እያስጠና ከክፍያው ከፊሉ ይቀርለታል። ነገር ግን ሦስት ሚልጋ ተቀብሎ ለሦስቱም ሰዓት መስጠት ሲያቅተው ትምህርቱን የሚያጎድል ተማሪ አይቻለሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በመጨረሻም ይህን አስታውሱ፤ ለተቋሙ ያልተከፈለ እዳ፣ ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍም ቢሆን፣ ወረቀቱን ሊያስይዝ ይችላል።

የቤተሰቡ ድርሻ

አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ። ብዙ ወላጆች «እኔ አልተማርኩም፤ ልጄን በምን ልረዳው?» ይላሉ። የምትረዱበት ብዙ ነገር አለ።

በባህላችን ለቅሶ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ ሲያርፍ ከኪርያት ማልአኺ እስከ ሐይፋ፣ ከቤር ሸባ እስከ ዓፉላ ሁሉም ይሰበሰባል። ይህ ደግነታችንና ጥንካሬአችን ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ነገር ግን በፈተና ወር አንድ ተማሪ ለሩቅ ዘመድ ለቅሶ ሦስት ቀን ቢቀር፣ ያ ሦስት ቀን አንድ ኮርስ ሊያስጥለው ይችላል። እሱም «ለቅሶ አልደረሰም» እንዳይባል ፈርቶ ይሄዳል፤ አስተማሪውም የአጎት ሚስት እናት ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ይህን ሸክም ከልጁ ትከሻ ማውረድ የሚችለው ሽማግሌ ብቻ ነው። አባት ወይም ታላቅ ወንድም «እሱ ፈተና ላይ ነው፤ እኔ ስለ እሱ ደርሻለሁ፤ ሲጨርስ መጥቶ ያጽናናል» ቢል ማንም አይቀየምም። ሠርግም እንዲሁ ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የተማሪ ልጆቻችሁን የፈተና ጊዜ ጠይቁ፤ በአብዛኛው ከጥርና የካቲት ወር፣ እንዲሁም ከሰኔና ሐምሌ ጋር ይገጣጠማል። ለቅርብ ሰው፣ ለአባት ለእናት ለወንድም ለእኅት ሰባት ቀን ለተቀመጠ ተማሪ ግን ተቋሙ ሌላ የፈተና ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ማስረጃ አቅርቦ ይጠይቅ።

ሌላው የአስተርጓሚነት ሥራ ነው። እናት ወደ ኩፓት ሖሊም ስትሄድ፣ አባት ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ደብዳቤ ሲመጣለት፣ ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት ሲጣላ፣ ሁልጊዜ የምትጠራው ዕብራይስጥ የምታውቀው ልጅ ናት። በተለይ ሴቶች ልጆች ይህን ሁሉ ተሸክመው ነው የሚማሩት። በብዙ ቦታ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ወይም በስልክ የሚሰጥ አገልግሎት አለ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልጅቷን ከትምህርቷ ከማስቀረት በፊት ጠይቁ፤ የሚቆይ ጉዳይ ከሆነም ትምህርት ወደሌላት ቀን አዛውሩት።

ወልዳ ወይም አርግዛ የምትማር ሴትም ትምህርቷን ማቋረጥ የለባትም። በ2007 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግና በእሱ መሠረት የተደነገጉት ደንቦች ከትምህርት የመቅረት ፈቃድ፣ ለጽሑፍ ማስረከቢያ ተጨማሪ ጊዜና ሌላ የፈተና ቀን ይሰጧታል። ለተጠባባቂ ወታደርነት የተጠራ ተማሪም እንዲሁ የማካካሻ መብት አለው፤ ከጥቅምት 2023 ጦርነት ወዲህ ብዙ ልጆቻችን ይህን መብት ፈልገውታል። ለአዲስ ገቢዎችም በብዙ ተቋሞች ተጨማሪ የፈተና ሰዓትና መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው በተማሪዎች ዲን ቢሮ፣ በዴካን ሃስቱደንቲም ነው። በእኛ ዘንድ ያልሰጡትን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ እዚህ አገር ግን ያልጠየቀ ሰው ያልፈለገ ነው የሚመስለው። መጠየቅ ልመና አይደለም።

አገር ቤት የተማራችሁ

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ዲግሪያችሁ እዚህ ለሥራና ለደመወዝ እንዲታወቅላችሁ፣ በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ የውጭ አገር ዲግሪዎችን ለሚመረምረው ክፍል ዋናውን ዲፕሎማና የውጤት ዝርዝሩን ማቅረብ ያስፈልጋል። ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ለሥራ ፈቃድ የሚሄዱት ወደ ጤና ሚኒስቴር ነው። ትምህርቱን ጀምሮ ያቋረጠም ቢሆን ውጤቱንና የኮርሶቹን ዝርዝር ይዞ ከመጣ፣ የሚገባበት ተቋም መርምሮ አንዳንድ ኮርሶችን ሊይዝለት ይችላል። ስለዚህ ገና በጎንደርና በአዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቻችሁ ንገሩልኝ፦ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ቢቀር ይገዛል፤ የትምህርት ወረቀት ግን ዋናውን፣ ማኅተም ያለበትን ይዘው ይምጡ። ከዚህ ሆኖ ማስላክ ብዙ ወር ይፈጃል።

በየሴሜስተሩ የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ማንበብ የማይችል ልጁ ያንብብለት። ሴሜስተር ሲያልቅ፣ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ሲቀመጥ፣ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ጠይቁ።

አንደኛ፦ ልጄ፣ እስካሁን ስንት ኔኩዶት ሞላህ? ስንትስ ቀረህ?

ሁለተኛ፦ የወደቀ ወይም ያልተፈተንከው የሆቫ ኮርስ አለ? መቼ ትወስደዋለህ?

ሦስተኛ፦ የእንግሊዝኛ ደረጃህ የት ደረሰ? ፕቶር አገኘህ?

አራተኛ፦ ያላስረከብከው ሴሚናርዮን ወይም ሌላ ጽሑፍ አለ? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?

አምስተኛ፦ ለኮሌጁ ያልተከፈለ ገንዘብ አለ?

መልሱ ሁሉ ጊልዮን ፂዩኒም በሚባለው የውጤት ወረቀት ላይ ይገኛል። ተማሪውም በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ዲግሪዬን ለመዝጋት ምን ይቀረኛል?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከመጠየቅ አንድ ዓመት መቅደም ማለት ነው፤ የጎደለው ነገር ሳይዘገይ ይሞላል። ሁሉ ሲሟላም ዲግሪው በራሱ ቤት ድረስ አይመጣም፤ በብዙ ተቋም ተማሪው ራሱ ፋይሉ እንዲዘጋለት ማመልከት አለበት። ያኔ ዛካኡት ለቶአር የሚባል የማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጠዋል። የምረቃው በዓል ከወራት በኋላ ቢሆንም በዚህ ደብዳቤ ሥራ መፈለግ ይችላል።

ልጁ መልስ ሲሰጥ የጎደለ ነገር ቢኖር፣ አትደንግጡ፤ ከእገሌ ልጅ ጋርም አታወዳድሩት። የተደበቀ ጉድለት ነው የሚያድገው፤ የተነገረ ጉድለት መላ አለው። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት አቋርጠው የቆዩ ሰዎችም ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ጊዜ የወሰዱት ኮርስ ሁሉ አልጠፋም፤ ተቋሙ ፋይላቸውን አይቶ የትኛው እንደሚያዝላቸውና የትኛው እንደሚታደስ ሊነግራቸው ይችላል። አንዲት የሁለት ልጆች እናት አንድ ሴሚናርዮንና አንድ የእንግሊዝኛ ደረጃ ብቻ ቀርቷት ለብዙ ዓመት «እኔ አልጨረስኩም» እያለች ትኖር ነበር። ፋይሏን አስከፍታ የቀራት ምን እንደሆነ በወረቀት ሲነገራት፣ ከገመተችው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘችው። በአንድ ዓመት ውስጥ ፈጸመችው።

እንግዲህ በቤታችሁ ጀምሮ የቆመ ልጅ ካለ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ፤ ፋይሉን እንዲያስከፍት ንገሩት፤ ከፈራም አብራችሁት ሂዱ። በየማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍልና በመርካዝ ክሊታው ያሉ ሠራተኞችም ይረዷችኋል።

በሚቀጥለው እትም ስለ መኺና፣ ለማን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚመረጥ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ። ለተማሪዎቻችን ሁሉ መልካም የትምህርት ዘመን፤ የጀመሩትን ለመፈጸም እግዚአብሔር ያብቃቸው።